እስከ ሰባ የተባለችው ክፍል

ቤት አከራዬ ሰባት ዓመቴን ወሰደብኝ። ማንበብ እንደማልችል እያወቀ አስፈርሞኝ ነው የወሰደው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰፋው ሐረር ፈላና በር አጠገብ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ሳያት ጣሪያዋ ወድቆ ፍየል ያድርባት ነበር። ባለቤቷ ፈረስ መጋላ ላይ ቢሮ ያለው፣ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ ለሚልክ የፈረንጅ ነጋዴ የሚሠራ ሰው ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ እዚህ ግን እሱ ይበቃዋል። የተነጋገርነው እንዲህ ነው፤ ጣሪያና ግድግዳውን እኔ አቆማለሁ፤ እሱ በምላሹ እስከ ሰባ አያስለቅቀኝም። ጊዜው 1953 ነበር። በጣቴ ቆጠርሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት። ልጆቼ እዚያው ሙያ ይዘው ያድጋሉ አልሁ። ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ጻፈ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ፤ አንዱን ቅጂ ይዤ ወጣሁ።

ፊደል አላውቅም ነበር። ቁርአን ቤት የቀራሁትም በቃል ነው። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ የሚውል ሰው ቁጥር ሳያውቅ ሱሪ አይቆርጥም። ቢሮው ግድግዳ ላይ የመርከብ ሥዕል ያለበት ካላንደር ተሰቅሎ አይቼ ነበር። 1960 ይላል። ፈረንጅ ችኩል ስለሆነ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረውን አስቀድሞ የሚያትም መሰለኝ። ይህ የእኔ ድንቁርና ነው፤ አልክደውም።

በ1961 ከሐረር ግንብ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ከአገሩ ተከታታይ ፊልም አስመጣ። በአገሩ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ነው አሉ። እኔ ሐረር ውስጥ ያኔ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አላየሁም። እኛ ያየነው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በማሽን አቡጀዲ ላይ ነው። አቡጀዲውን ገጣጥሜ የሰፋሁት እኔ ስለሆንሁ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በነጻ እገባለሁ። የሒሳብ አስተማሪው ከጎን ቆሞ እየጮኸ ይተረጉማል።

ታሪኩ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ስለነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። የተጣለ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ሲከፍተው ሌላ ዘመን ነው። አንዴ ሰው በጎራዴ ወደሚዋጋበት ዘመን ይወርዳል፣ አንዴ የልጅ ልጆቹ እንኳ ወዳረጁበት። ከመውረዱ በፊት ዓመቱ በሩ ላይ በኖራ ይጻፋል። ማን እንደሚጽፈው አልተነገረንም።

“የድሬዳዋ ባቡር ሲዘገይ የት እንደሚሄድ ዛሬ ገባኝ” አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ጫት ነጋዴ።

“አንተንም ጭኖህ በሄደ” አለችው ሚስቱ።

አንድ እሑድ በሩ ላይ 1969 ተጻፈ። ሽማግሌው ወረደ። መንገዱም፣ መኪናውም፣ የሰዉ ልብስም አዲስ ነገር የለውም።

“ከስምንት ዓመት በኋላም ይኸው ነው እንዴ?” አለ ጫት ነጋዴው። “ታዲያ ምን ሊያይ ሄደ?”

“በፈረንጅ እኮ ነው” አለ አስተማሪው። “እነሱ ስድሳ ዘጠኝ ሲሉ እኛ ስድሳ አንድ እንላለን። ዘንድሮ ማለት ነው። ሰውየው ቤቱ ገባ።”

አዳራሹ ሳቀ። እኔ መርከብ ያለበት ካላንደር ትዝ አለኝ። በፈረንጅ ከሆነ ሰባ ከርሞ ነው። ከዚያ በኋላ የነበሩትን የፊልሙን ክፍሎችም አይቻለሁ፤ ታሪኩን ግን ትቼ በሩ ላይ ከሚጻፈው ቁጥር ስምንት እቀንስ ነበር።

በዚያ እሑድ ማግሥት አከራዬ ቢሮ ሄድሁ።

“ጋሼ፣ የክፍሏ ሰባ በማን ነው? በእኛ ነው በፈረንጅ?”

“የእኔ ሥራ በፈረንጅ እንደሆነ ሐረር ያውቃል።”

“አሥራ ሰባት ዓመት ተባብለን ነበር።”

ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ገፋልኝ። “አሥራ ሰባት የሚል ካለበት አንብብልኝ።”

“ማንበብ እንደማልችል ያውቃሉ።”

“እንግዲያው በምን ትከራከረኛለህ?”

ወላሂ፣ ያን ቀን መቀሱን ሱቅ ትቼው መሄዴ ደግ ሆነ።

የማታ ትምህርት ገባሁ፤ በአርባ ዓመቴ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አልገባ እያለ። ያስተማረን ያው የሒሳብ አስተማሪ ነው። በዓመቱ የራሴን ወረቀት ቅጂ ራሴ አነበብሁት። ከላይ “መስከረም 12 ቀን 1953” ይላል፤ ከታች “እስከ 1970 መጨረሻ”። ፈረንጅ መስከረም የለውም። በሐበሻ ዓመት ተሳፍሮ በፈረንጅ ዓመት የሚወርድ ያ የፊልሙ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ይህን ለአከራዬ ብነግረውም አልሰማኝም። በጥር 1963 አንድ ጠዋት ስመጣ በሩ በአዲስ ቁልፍ ተቆልፏል፤ የስፌት መኪናዬ ደጅ ቆሟል። ያቆምሁት ጣሪያ ከውስጥ ቀረ። ዓመት ከአንድ ወር በሰው በረንዳ ላይ ሰፋሁ። ዝናብ ሲመጣ የሰው ጨርቅ ታቅፌ እሮጣለሁ። ፍርድ ቤት ከሰስሁ፤ ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ አሁንም ቀጠሮ። በዚያ አካሄድ በእኛም ሰባ መድረሱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ፤ ሁለት ሙስሊም፣ አንድ ክርስቲያን።

ወረቀቱን አነበብሁላቸው። መስከረም ላይ ስደርስ አከራዬ፣ “እሱ በልማድ የተጻፈ ነው” አለ።

“ሰባውስ?” አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

“እሱ በሥራ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ማን እንደዋሸ ገብቷቸዋል። እኔን ያሳረረኝ ከገባቸው በኋላ ያደረጉት ነው።

“አንተ ሰባ ትላለህ” አሉኝ ትልቁ፣ “እሱ ስድሳ ሦስት ይላል። መሐሉን ያዝ። እስከ ስድሳ ስድስት መጨረሻ ተቀመጥባት።”

“የእኔ ሐቅ መሐል ላይ አይደለም አባባ።”

“ሐቅህን አላህ ይሰጥሃል። ቁልፉን የምናሰጥህ ግን እኛ ነን።”

ሽማግሌ የሚፈልገው እውነትን አይደለም፤ ሁለቱም ወገን ተነሥቶ ቤቱ መሄዱን ነው። ሽማግሌ እንቢ ያለ ሰፊ ደግሞ በዚህ ከተማ ልብስ የሚያመጣለት ሰው አያገኝም። ተቀበልሁ። ፋቲሓ ተቀራ። እሱ “ይቅር ለእግዚአብሔር” አለ፤ እኔም በአፌ አልሁ። ቁልፉን የተረከብሁት የካቲት 9 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ።