መፍቻው ማን ዘንድ ይቀመጥ

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በወላይታ ቆላዎች እየዞርኩ የእጅ ፓምፕ ስጠግን ኖሬ፣ አሁን ሥራዬ ሶዶ ግቢዬ ውስጥ ወንበሬን ከጥላ ወደ ጥላ ማዛወር ሆኗል። ልጄ ዳዊት ይህን ዕረፍት ይለዋል። «አባዬ፣ የድርሻህን ሠርተሃል፤ አሁን ተቀመጥ» ይለኛል። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ሰው ስልሳ ሲሞላው ከጉልበቱ ጋር ዕውቀቱም ጡረታ የሚወጣ ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ድርጅት በሁምቦ አንዲት መንደር የፓምፕ ጥገና የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። የመንደሯ ፓምፕ ከቆመ ሦስት ወር አልፎታል፤ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። በነጻ እሠራለሁ ብዬ ተስማማን። የተላከልኝ ደብዳቤ ግን አንድ መስመር ነበረበት፤ ሠልጣኞች ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች ይሁኑ ይላል። በዚያችው መንደር በሥራ ዘመኔ ሁለት ጊዜ ወጣቶች አሠልጥኜ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ከተማ ገቡ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? የመጨረሻው ግን የፓምፑን መፍቻም ይዞ ሄዷል። ይህን መስመር አስቀይሬ ልመለስ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ሶዶ መናኸሪያ

የሚኒባሱ ረዳት ገና ሲያየኝ ክንዴን ያዘ። «ፋዘር፣ ቀስ ይበሉ፣ ይደገፉኝ» አለና ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ቦርሳው ብረት ሞልቶታል፤ ትከሻውን ወደ ታች ጎተተው።

«ምን ጭነው ነው?»

«ዕረፍቴን» አልኩት። ሳቀ፤ እስከ ሁምቦዋ ከተማ ጠበላ ያለውን ሰማንያ ብር ግን አልማረኝም።

የዳሞታን ተራራ በጉም እንደተሸፈነ ከኋላችን ትተን ቁልቁል ወረድን። በየጓሮው ያለው እንሰት እየሳሳ፣ የበቆሎው ማሳ እየሰፋ ሄደ። ኮቴን አወለቅኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ሹራቤንም። በስተቀኝ ያሉትን ኮረብታዎች ድንጋይ ብቻ ሆነው አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ግራርና ቁጥቋጦ ለብሰዋል። አጠገቤ ለተቀመጠች ተማሪ ይህን ልነግራት ፈለግኩና ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ስላየሁ ተውኩት።

ጠበላ ላይ ቆጮ በዳታ በላሁ። ዳታ ያ እንባ የሚያስወጣው የኛ የቃሪያ ድልህ ነው፤ ሐኪሜ ከልክሎኛል፤ ሐኪሜ ግን ጠበላ አልነበረም። ከዚያ በአህያ ጋሪ ሃምሳ ብር ከፍዬ የጥርጊያው መንገድ እስኪያልቅ ሄድኩ። የቀረውን አርባ ደቂቃ በእግሬ ጨረስኩት። ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ መልክዓ ምድሩን ለማየት ነው ብልም ላቤ ያሳጣኛል።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት፤ ፓምፑ ዘንድ

የድርጅቱ አስተባባሪ በረከት የሚባል ከሐዋሳ የመጣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ጨዋ ነው፤ ፎርም ይወዳል። ወላይትኛ ስለማይሰማ ሁላችንም ለእሱ ስንል በአማርኛ ተነጋገርን። ከተመዘገቡት ስድስት ወጣቶች አንድም የመጣ አልነበረም። አንዱ ሻንቶ ከተማ ባጃጅ ይነዳል፤ ሌሎቹ የት እንዳሉ እናቶቻቸው እንኳ በውል አያውቁም። በምትካቸው ስምንት ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመው ያዩናል።

«ሠልጣኞቹ እነዚህ ናቸው» አልኩት።

«ጋሼ፣ እናቶቻችን እኮ ናቸው። ደግሞ ዕድሜው ፎርሙ ላይ አለ።»

«የማይሄደው ማነው? ይህን ፎርሙ ላይ ጠይቀሃል?»

በረከት ፎርሙን አገላበጠ። ሐሙስ ሌላ መንደር መግባት አለበት። በመጨረሻ ተስማማን፤ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሴቶቹ እኔ እጄን ሳላስገባ ፓምፑን ፈተው ገጥመው ውሃ ካወጡ፣ አዲሱን መፍቻና የመለዋወጫ ጎማዎቹን ሳጥን ለእነሱ ፈርሞ ያስረክባል። ካልቻሉ ሳጥኑ ወደ ሌላው መንደር ይሄዳል። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ።

አራት ሴቶች መረጥኩ። የመጀመሪያዋ አስቴር ናት፤ የልጅ ልጅ ያየች፣ ክንደ ብርቱ ሴት። አምስተኛ ሆነው በትር የተመረኮዙ አሮጊት ወደ ፊት መጡ፤ እማማ ዶርቃ ይባላሉ፣ ከሰባ ያለፉ ናቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ እዚያ ጥላው ሥር ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ለማረፍማ መቃብር አለ» አሉኝና ከጥላው ወዲህ፣ ፓምፑ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን ሥራ ነበረብኝና አለፍኩት።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ሥራውን በጸሎት ከፈቱልን። ለፓምፑ፣ ለመንደሩ፣ ለወረዳው፣ ለአገሪቱ ጸለዩ፤ ፀሐይዋ ለሁላችንም ደረሰችን። ከዚያ እስከ ማታ አስተማርኳቸው። ክዳኑ በአንድ መፍቻ ይፈታል፤ እጀታው ይወጣል፤ ዘንጎቹ አንድ በአንድ ተስበው በንጹሕ ሸራ ላይ ይደረደራሉ፤ በመጨረሻ ውሃውን የሚስበው፣ እንደ ሲኒ የጎደጎደው ጎማ ይወጣል። የአሮጌው ጎማ ጠርዝ እንደ አሮጌ ሸሚዝ ኮሌታ ተበልቷል። ፓምፑን ያቆመው ይህ ብቻ ነው። አዲስ አስገብተን ገጠምነው፤ ውሃ መጣ። ከዚያ ለነገው ፈተና ሴቶቹ ብቻቸውን መልሰው ፈቱት። አስቴር ቤት ፎሰሴ፣ ማለት ከጎመን ጋር የተሠራ የበቆሎ ገንፎ፣ በልቼ አደርኩ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ሴቶቹ ጀመሩ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ፤ እንዲህ ያለ አድካሚ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጎማውን አስገቡ፣ ዘንጎቹን አያያዙ፣ አወረዱ፣ ክዳኑን አጠበቁ። በረከት ሰዓቱን ያያል፤ እኔ በረከትን አያለሁ። አምስት ሰዓት ላይ አስቴር እጀታውን ያዘች። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ፣ ስልሳ ጊዜ ወደ ታች ጫነችው። ደረቅ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አላወቅኩም። ሳይ የነበረው የበረከትን ፊት እንጂ የሴቶቹን እጅ አልነበረም። አፈርኩ። በረከት ፎርሙን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ።

«ጎማዋን ደፋችኋት» አሉ እማማ ዶርቃ ከድንጋያቸው ሳይነሱ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ግን ቃላቸው የማያሻማ ነበር። «ትናንት አፏ ወደ ላይ ነው። ዛሬ ወደ ታች አደረጋችሁ። የተደፋ ገንቦ ውሃ ይይዛል ወይ?»

ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው እያንዳንዱን ነገር በዓይናቸው ሲከተሉ ነበር። እኔ ለተማሪነት ያልመረጥኳቸው ሴትዮ ከሁሉ የተሻለ ተምረዋል።

አንድ ሰዓት ቀርቶናል። ሴቶቹ እንደገና ፈቱት፤ በዚህ ጊዜ እማማ ዶርቃ ቆመው «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ አዘዙ። ጎማዋ በእርግጥም ተደፍታለች። ገለበጧት፣ ገጠሙ። አስቴር እጀታውን ያዘች። በአርባኛው ምት ገደማ ቧንቧው አጉረመረመ፤ መጀመሪያ ድፍርስ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ፈሰሰ። ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን በወረፋ ደረደሩ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

«መፍቻው ማን ዘንድ ይቀመጥ?» አለ በረከት።

ሴቶቹ ሳይመካከሩ ወደ እማማ ዶርቃ ጠቆሙ። አስቴር «እኔ እንኳ ልጄ ወልዳ ከጠራችኝ እሄዳለሁ፤ እሳቸው የትም አይሄዱም» አለች።

በረከት ዕድሜ ከሚለው ቦታ ላይ ብዕሩን ለጥቂት ጊዜ አቆመ። ከዚያ የነገሩትን ቁጥር እንዳለ ጻፈና «አለቆቼ ይጠይቁኝ፤ መጥተው ይዩ» አለ። በዚያች ቅጽበት ወደድኩት።

ልሰናበት ስል እማማ ዶርቃ ዘንድ ሄድኩ። «ትናንት የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ።»

«የቱን?»

«ይረፉ ያልኩዎትን።»

«አላረፍኩም እኮ» አሉ፤ መፍቻውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ።

ሶዶ

ሳይጨልም ቤቴ ገባሁ። ዳዊት ቦርሳዬን ተቀበለኝና «ደከመህ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ደክሞኛል አልኩት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደህና ድካም ነው የደከምኩት። በመንገድ ሁሉ ያሰብኩት ስለ እሱ ነበር። እሱን ስወቅስ ከርሜ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ሲገጥመኝ ያንኑ ቃል ቀልጠፍ ብዬ ተናገርኩት። ይህን ነገርኩት። ብዙ አልተከራከረኝም፤ ውሃ አምጥቶ እጄን አስታጠበኝ።

ከዚያ ስልኬን መጠበቅ ጀመርኩ። ፓምፕ ያው ፓምፕ ነው፤ ሲበላሽ ይደውሉልኛል ብዬ ቦርሳዬን በር ሥር አስቀመጥኩ። አምስት ወር ሙሉ ማንም አልደወለም። በአንድ የገበያ ቀን አስቴርን ሶዶ ገበያ ማንጎ ስትሸጥ አገኘኋት።

«ፓምፑ እንዴት ነው?»

«ባለፈው ቆሞ ነበር። እማማ ዶርቃ ጎማውን አስቀየሩን፣ በማግሥቱ ሠራ።»

«ታዲያ ለምን አልደወላችሁልኝም?»

አስቴር በጥያቄዬ ግራ ተጋባች። «ለምን እንደውላለን፣ ጋሼ?»

ለአፍታ ከፋኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደህና አድርጎ ከፋኝ። ሰው ሲያረጅ የሚመኘው ተፈላጊ ሆኖ መኖርን ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የለፋሁት የማልፈለግበትን መንደር ለማግኘት ነበር። አግኝቼዋለሁ። ማንጎዬን ይዤ ቤት ገባሁና ለበረከት ደወልኩ፤ ፓምፑ የቆመበት ሌላ መንደር የት እንዳለ ጠየቅኩት።