ገብረ ኢየሱስ የተረጎመው ጨዋታ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ኤዶም ላፕቶፕዋን ታቅፋ ወደ በረንዳው መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። የዓመት ዕረፍቴን የማሳልፈው ባሕር ዳር፣ እህቴ ቤት ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጧት ጧት ከጣና በኩል የሚመጣው ጉም የግቢውን ማንጎ ይሸፍነዋል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ዝናቡ ይቀጥላል። ኤዶም አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ተዘግቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ መውጫ አጥታለች።

«አክስቴ፣ ይቺ ላፕቶፕ አሮጌ ናት፤ አዲሶቹን ጌሞች አትችላቸውም። ብትችልስ ማን ይገዛልኛል? አንቺ ኮምፒውተር ታውቂ የለ፣ በነጻ የሚገኝ ደህና ነገር ካለ ንገሪኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ነጻ ከሆነማ ምን ይረባል» አለች ለራሷ።

ይህን ስትል ነካችኝ። ሰው ያልከፈለበትን ነገር ቆሻሻ አድርጎ ያያል፤ የሰርግ ምግብ ካልሆነ በቀር። እኔ ግን በዚህ ነገር ብዙ የምለው አለኝ። ባቡር ሐዲድ እየዘረጉ ከተማን ከከተማ የሚያገናኙበትን ነገርኋት። ተማሪዎች ሠርተው ማንም ይውሰደው ብለው የተዉትን፣ በድምፅ ብቻ እየተመሩ ከጨለማ ቤት የሚወጡበትንም ነገርኋት። ሣጥን እየገፉ መውጫ የሚፈልጉበት ደግሞ አለ፤ መልኩ እዚህ ግባ አይባልም፣ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ስለነዚህ ጨዋታዎች ማንም ማስታወቂያ አይሠራም፣ ማንም አያወራም፤ በማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ግን ይሠራሉ።

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ የለም» አልኋት።

ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ቀርቶ ነበር፤ አማርኛ የሚናገረው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ጋሽ ተስፋ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር በከፈቱት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርሁ። ማመልከቻ፣ ውክልና፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። በብስክሌት እሄዳለሁ፣ በብስክሌት እመለሳለሁ። አባቴ የፋብሪካ ደመወዝተኛ ነበር፤ ቤታችን ምሳም እራትም ጎድሎበት አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላደረግሁት ነገር ችግርን ምክንያት እንዳላደርገው ነው።

ይሄይስ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ግማሽ ቀን እዚያው ቤት እየመጣ እኔ የተየብሁትን ያርማል። የዘጌ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር መጽሐፍ የሚጽፉ። እሱም ወደ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት የቆየ ዲያቆን ነው። ቅዳሜ ዘጌ ሄዶ ሰኞ በጀልባ ሲመለስ ኮሮጆው ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ዝምተኛ ነበር፤ የማይስማማው ቃል ካየ ግን ዝምታው ያበቃል። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ በማመልከቻው ላይ «ያላግባብ» የሚለውን ቃል አምስት ቦታ ቢጽፍ፣ «ጌታዬ፣ አንዱ ይበቃል፤ ዳኛውም ሰው ነው» ብሎት ጋሽ ተስፋ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

የዚያን ጊዜ የከተማው ወጣት ሁሉ የሚያብደው በተሰረቀ የእግር ኳስ ጌም ነበር። የኛ ኮምፒውተር ግን ያንን አትችልም፤ ስትከፈት እንኳ እንደ ወፍጮ ትጮኻለች። አንድ ደንበኛ ፍላሹን ረስቶ ሲሄድ በውስጡ አንድ ጨዋታ አገኘን። በሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ትሰጣለህ። ትመነጥራለህ፣ ትዘራለህ፣ ጎተራ ትሠራለህ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ታከማቻለህ። ካላከማቸህ ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ይሄዳሉ። ጦርነት የለበትም፣ ደም የለበትም። የሠሩት በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከታች፣ ቋንቋውን የሚችል ሁሉ ተርጉሞ ይላክልን የሚል ማስታወቂያ አለ። የቋንቋዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው፤ አማርኛ ግን የለም።

ይሄይስ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «እኛው እናድርገው» አለ።

ክረምቱን በሙሉ እሱን ስናደርግ ከረምን። እሱ እንግሊዝኛውን ያነባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፣ ቃሉን ይናገራል፤ እኔ እተይባለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሐይቁ ዳር የአሳ ጥብስ በሚጥሚጣ ገዝቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን እየጾመ ስለሆነ እሱ አይነካውም፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይጠብቅና ሽምብራ ቆሎ ከኪሱ ያወጣል። ያን አሳ አጠገቡ እያላመጥሁ እበላ ነበር፤ ትንሽ ጭካኔ ያኔም ነበረብኝ።

«እዚህ ላይ ጀልባ ልበለው?» አልሁት አንድ ቀን።

«ጀልባማ ሞተር ያለው ነው። ሥዕሉን እይው እንጂ፣ በደንገል የታሰረ ነው። ታንኳ በይው።»

«ማን ልብ ይለዋል?»

«እኔ ልብ ብየዋለሁ» አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ የሚወጣውን ጽሑፍ፣ ማንም «ጨዋታው አልቋል» ብሎ የሚያልፈውን፣ እሱ «አዝመራው አለፈ» አለው። ሰዎቹ ሁሉ ሲሄዱ ደግሞ «ቀየው ባድማ ሆነ» ይላል። በኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ አማርኛ አይቼ አላውቅም ነበር። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሱ ነው። የኔ ጣት እንጂ ቃል አልነበረኝም።

መስከረም ላይ ጨረስን። ፋይሉን ከመላካችን በፊት የተርጓሚዎች ስም የሚሞላበት ቦታ መጣ። እኔ የኔን፣ መሠረት ብዬ ከነአባቴ ጻፍሁ። እሱ «ገብረ ኢየሱስ በይ» አለኝ።

«ማነው ገብረ ኢየሱስ?»

«እኔ ነኛ። የክርስትና ስሜ ነው።»

«በዚህ ስም ማን ያውቅሃል? መታወቂያህ ላይ እንኳ የለም እኮ!»

ሳቀ። «አባቴ አንድ መጽሐፍ ጽፈው ሲጨርሱ መጨረሻው ላይ የሚያኖሩት የክርስትና ስማቸውን ነው። የሚያነበው ሰው በጸሎት እንዲያስባቸው። የዓለም ስማቸውን ቢጽፉማ ለውዳሴ ከንቱ ይሆናል። እኔም ሥራዬን ስጨርስ እንዲያ ነው የማውቀው።»

ተከራከርሁት፣ ግን ብዙ አልተከራከርሁም። ከኔ ስም ቀጥሎ «እና ገብረ ኢየሱስ» ብዬ ተየብሁ። ላክነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታው በአማርኛ ወጣ። ጋሽ ተስፋ ሻይ ጋበዙን።

ጥቅምት ላይ የይሄይስ አባት ዓይናቸው ደከመ። መጀመሪያ ቀይ ቀለሙንና ጥቁሩን መለየት አቃታቸው፣ ከዚያ መስመሩን። ሦስት ታናናሾች አሉት። «ሥራ ካላገኘሁ ኮሌጁን ትቼ ዘጌ መግባቴ ነው» አለኝ፤ ይህንን ሲል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች መጡ። የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በአማርኛ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ሊከፍቱ ነው። አንድ የቃላት ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ አንድ ብቻ። ጨዋታውን አይተውት ኖሮ፣ ስሜን ይዘው በከተማው ጠይቀው አገኙኝ። ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ቀጠሩኝ። ለይሄይስ አልነገርሁትም። ለጋሽ ተስፋ ጥርሴን አሞኛል አልኋቸው።

ከሁለቱ አንዷ በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ጨዋታውን ከፍተው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩ። «ይህን ‹አዝመራው አለፈ› የሚለውን ማነው ያወጣው?»

«እኔ» አልሁ።

«ይህ ገብረ ኢየሱስ የሚባለውስ?»

«የዘጌ አንድ አባት ናቸው። ሸምግለዋል። አንዳንድ የግእዝ ቃል ጠይቄያቸው ነበር።»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። «እግዜር ይስጣቸው» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቄ፣ መልሱን በመንገዱ ዘንባባዎች ሥር ብስክሌቴን እየነዳሁ ስመጣ አዘጋጅቼው ነበር። ሸምግለዋል የምትለዋን እንኳ አስቤባታለሁ፤ ደክመዋል ብለው ሄደው እንዳይጠይቁ።

ሰዎቹ አንድ ሳምንት ቆዩ። ጋሽ ተስፋ ነገሩን ሰምተው ለይሄይስ ነገሩት፤ እሱም ሄዶ አመለከተ። በማግሥቱ እየዘነበበት መጣና ካፖርቱን ሳያወልቅ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«ገብረ ኢየሱስ እኔ ነኝ አልኋቸው። አላመኑኝም፤ እሳቸው አዛውንት ናቸው አሉኝ። መታወቂያዬን አሳየሁ፣ እሱ ላይ ይሄይስ ነው የሚለው። መሠረት፣ አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ። አብረን እንደሠራነው፣ እሱ እኔ እንደሆንሁ። ሌላ አልፈልግም።»

ማን አዛውንት ናቸው እንዳላቸው አልጠየቀኝም።

«እጽፍልሃለሁ» አልሁት። «ነገ።»

በነጋታው ትኩሳት ይዞኛል ብዬ ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛውም ቀን። እናቴ ፌጦ በሎሚ እየበጠበጠች ታጠጣኛለች፤ አንድም ነገር ሳያመኝ ያንን መራራ ነገር እየጠጣሁ ተኛሁ። ይሄይስ ሁለቱንም ቀን ጋሽ ተስፋ ቤት ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ እንደጠበቀኝ ኋላ ነው የሰማሁት። ሰዎቹ ዓርብ ዕለት ሥራው ያንቺ ነው ብለው ላኩብኝ።

ልሰናበታቸው ብሄድ ጋሽ ተስፋ ከወንበራቸው አልተነሡም። ይሄይስ ኮሌጁን ትቶ ዘጌ መግባቱን ነገሩኝና፣ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» አሉ። መርቀው እንደሚሸኙኝ አስቤ ነበር፤ እጃቸውን እንኳ አልሰጡኝም።

አዲስ አበባ ሄድሁ። ሰውም ሆንሁ ይባላል። የመጀመሪያውን ዓመት የሰጡኝን ቃል ሁሉ የተረጎምሁት ይሄይስ ቢሆን ምን ይል ነበር እያልሁ ነው፤ እያደር ለመድሁት። ሕሊናዬ ሲቆረቁረኝ የማስታግሰው በአንድ ነገር ነበር፤ የገዛ ልማዱ ነው የጎዳው እል ነበር። ስሙን እንደ ሰው ቢጽፍ ኖሮ እኔስ ምን አቅም ነበረኝ? እንዲያውም አንዳንዴ እናደድበታለሁ፤ በትሕትናው እኔን ለፈተና ዳረገኝ እያልሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው ይህን ስል።

ኤዶም የነገርኋትን ጨዋታዎች ስትጭን እያየሁ፣ የዚያ ጨዋታ የተርጓሚ ዝርዝር ዛሬም ሊታረም እንደሚችል ትዝ አለኝ። አንድ መልእክት መላክ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ከጋሽ ተስፋ ልጅ የይሄይስን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ትናንት ደወልሁ።

ይሄይስ ዘጌ ነው። መሪጌታ ሆኗል፤ ልጆች ያስተምራል። ስሜን ነገርሁት።

«ስምህን ላስተካክለው ፈልጌ ነው» አልሁት። «ትክክለኛ ስምህን ከነአባትህ። ሁሉም ሰው ያንተ መሆኑን እንዲያውቅ።»

«ገብረ ኢየሱስም እኮ ትክክለኛ ስሜ ነው» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ተይው፣ እንዳለ ይቆይ። እኔን ስሜ አልጎዳኝም፣ መሠረት። አንቺ ነሽ የጎዳሽኝ።»

«ይቅር በለኝ።»

«እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። እኔ ልጆቹ ቆመው ይጠብቁኛል» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ስቆጣበትም ስጸጸትበትም የኖርሁት ያ ልማዱ፣ እሱ ዘንድ አንድም ቀን ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የሚያውቀው እኔን ብቻ ነው። የጠየቀኝ አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ሥራዬ ነበር።

ኤዶም ከላፕቶፕዋ ቀና አለች። «ማነው አክስቴ? ለምን ታለቅሻለሽ?»

ኤዶም የእህቴ ልጅ ናት፤ ብነግራት የምትነሣኝ ሥራ የለም፣ የምታሳጣኝም ክብር የለም።

«የዘጌ አንድ ሰው ነው» አልኋት። «አንዳንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ነው።»