አየሩ ሲመለስ

የወሰዱኝ ከመማሪያ ክፍል በር ላይ ነው። ተማሪዎቼን የባዮሎጂ ፈተና እየፈተንኩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው ተባለ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን የነካ ልብስ ይነጣል። ያለው አንድ መስኮት ነው፣ እሱም ከውጭ በቆርቆሮ የሚዘጋ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። መስኮቱ ስር የተቀመጡት ታቦር ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ አስም ያለባቸው እናት ነበሩ። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲታጣ እሳቸውን ያዙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮቱ ከሰው ጋር ተነጋግራችኋል ተባልንና ቆርቆሮው ተዘጋብን። ክፍሉ ወዲያው ታፈነ። የእናትየው ደረት ያፏጭ ጀመር። በአፋቸው የሚስቡት መድኃኒታቸው እንዲሰጣቸው ለመንን፤ መልስ አላገኘንም።

እናትየው እጄን ያዙና፣ ዝም ካላችሁ ትንፋሼን ብቻ ነው የምሰማው፣ የምታስተምሪውን ንገሪን አሉኝ።

የማውቀውን አወራሁ። በብርድ አገር የሐይቁ ገጽ በረዶ ሲሆን፣ ከበረዶው ሥር አየር ሳያገኝ ወራት የሚቆይ ኤሊ እንዳለ ነገርኳቸው። አንጎሉ ሥራውን እንደሚቀንስ፣ ቫይታሚን ሲንና ሌሎች አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ጉዳት ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን በብዛት እንደሚይዝም ጨመርኩ።

"አየር ከሌለ እሱ ምን ያደርግለታል?" አሉ።

"ለኋላ ነው፣ እማማ። አየሩ በድንገት ሲመለስ አንጎልን የሚጎዳ ነገር ይፈጠራል። ብዙ እንስሳ ያኔ ይጎዳል። ኤሊውን የሚያተርፈው አስቀድሞ የያዘው ነው።"

"እኛስ ይዘናል?"

"ትንሽ" አልኳቸው።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ጠባቂ ገብታ ከእናትየው ተወስዶ የነበረውን ስልክ አወጣች። ልጅዎ የእርስዎን ቁጥር ሲያይ ያነሳል፣ ና ካሉት አሁኑኑ ግቢው ውስጥ አየር ያገኛሉ አለቻቸው። ደውላ ሰጠቻቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ትንፋሻቸውን እስኪያጠራቅሙ ሁላችንም ጠበቅን።

"ደህና ነኝ" አሉ። "እንዳትመጣ።"

ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱላት። በሩ ተዘጋ። ነጠላ እየተቀባበልን እስኪመሽ አራገብንላቸው።

እናትየው የተፈቱት ከእኔ ቀድመው ነው። ለምን እንደፈቷቸው የነገራቸው የለም። እኛ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ደስ ብሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ሊያያቸው መጣ። ደጃቸው ላይ አድፍጠው ያዙት።

እኔም ወጥቼ ቤታቸው ስሄድ ሱቁን ዘግተው አገኘኋቸው።

"በአፌ አትምጣ አልኩት" አሉኝ። "መፈታቴ ግን ጠራው።"



ዛሬም አስተምራለሁ። እሳቸው ዓርብ ዓርብ ለልጃቸው ምግብ ይወስዳሉ፤ ሲመቸኝ በባጃጅ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ምግቡን ልያዝልዎት ስላቸው እሺ አይሉም። እስር ቤቱ በር ላይ ምግቡን ቀምሶ የሚያሳየው ያመጣው ሰው ራሱ ነው። እሳቸው ይቀምሱና ሌላ ጉርሻ ጠቅልለው ለፈታሿ ይዘረጉላታል፣ ቤታቸው እንደመጣች እንግዳ። አንዳንዴ ትጎርሳለች፣ አንዳንዴ ፊቷን ታዞራለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። እጄ እንደሳቸው አይዘረጋም፤ የሚዘረጋም አይመስለኝም።