ማጣሪያ ላይ የሚቀረው

ሁለት ፖሊሶች የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክፍል ሲገቡ ማይኩን ገና አላጠፋሁትም ነበር። ስለዚህ «ተነሽ፣ ቡድናችን ያልሽውን ቡድን ታሳይናለሽ» የሚለው ድምፅ በግቢው ሁሉ ተሰማ። ዘጠነኛ ክፍሎች ሳቁ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

በዕረፍት ሰዓት ያነበብኩት ስለ ወጣት ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ነበር። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ እስካሁን ከጻፍኳቸው ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ወንዶቹ አንድ ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ለወጣቶች ዓለም ዋንጫ ሄደው ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው መጡ። ሴቶቹ ደግሞ ደጋግመው ዓለም ዋንጫው ደጃፍ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። በተሸነፉ ቁጥር «ልምድ ቀስመናል» ይባላል። ይህን ያህል ልምድ የቀሰመ ቡድን በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ እንዲህ ብዬ ዘጋሁ፦ «አጥቂዎቻችን ሁልጊዜ ዝግጁ ነን ይላሉ። ቡድናችን ግን ሁልጊዜ ማጣሪያ ላይ ይቀራል። ጠላ ሲጣራ ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? አተላ።»

ድምፅ ማጉያችን ወደ መናኸሪያው መንገድ ዞሮ ነው የተሰቀለው። በዚያ ያለፈ አንድ ጆሮ «ቡድናችን»ን፣ «አጥቂዎች»ንና «ዝግጁ»ን ለቅሞ ሄደ። ሰቆጣ ውስጥ በዚህ ጊዜ ቡድን ሲባል ታጣቂ እንጂ ኳስ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ማቆያ ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው ጀርባ በተደገፈበት ቁመት ልክ ወዝቷል፤ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ቢጫ ጀሪካን አለ። በሩ አጠገብ ቁርጭምጭሚታቸውን የሚያሹ አንዲት ትልቅ ሴት ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አርገሽ ነው፣ ልጄ?»

«በኳስ ነው እማማ።»

«መስኮት ሰበርሽ?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ኒሯቅ ከተማ ጠላ ሻጭ ናቸው፤ አማርኛቸው ኽምጣንጋ ኽምጣንጋ ይላል። አተላው ጋ ስደርስ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ፊታቸውን አጠቆሩ።

«አተላ ምን አደረገሽ? አተላ እኮ ከብት ያደልባል። ሁለት በሬ ያደለብኩት በሱ ነው። ያንቺዎቹ ምን አደለቡ?»

«ልምድ» አልኳቸው።

ይህንን ለጎረቤታቸው በኽምጣንጋ ሲነግሯት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ «አንቺንም እስኪጣራ አሉሽ?» አሉኝ።

«አዎ። ጉዳይሽ እስኪጣራ ነው ያሉኝ።»

«እኔንም። ልጄ የት እንደገባ እስኪጣራ። እኔ በሱ ፈንታ ተጥጄ እጣራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የለበሰው ሸሚዝ የተተኮሰ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን እንደዚያ አልነበሩም።

«ቡድኑ የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ፣ ሳጅን።»

«አዛዡ ማን ነው?»

«አሰልጣኝ ነው የሚባለው።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ። ተቀያሪም አላቸው።»

«አጥቂዎቹ በየት በኩል ነው የሚገቡት?»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ፣ ሳጅን። አይገቡም።»

ወጥቶ ስልክ ደወለ፤ ሲመለስ ጆሮው ቀልቷል። ተሳስተናል፣ ሂጂ የሚል መስሎኝ ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ከስህተት መመለስ ሌላ ሰው ከማሰር ይከብደዋል።

«ኳስ ከሆነ የባሰ ነው» አለ። «የአገር ማሊያ የለበሰን አተላ ብለሻል። ነገ ጠዋት በሰልፍ ላይ፣ በዚያው ማይክ፣ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አለዚያ ጉዳይሽ ይጣራል።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ከተጣራሁ ፈተናው ያልፈኛል፤ ይህን እሱም ያውቃል። ፈተናዬን እፈልገዋለሁ። ያን ቡድን ደግሞ ጀግና ብዬ አልጠራም፤ ለመርማሪ ብዬ የጻፍኩትን አልውጥም።

ተመልሼ ለእማማ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይቅርታ ጠይቂያ» አሉኝ።

«ቡድኑን?»

«እኔ ማንን አልኩሽ?» ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን ማሸት ቀጠሉ።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ማይኩን ሰጡኝ። መርማሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ምሰሶው ሥር ቆሟል። ቀሚሴ የክፍሉን ሽታ ይዞ መጥቷል። ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ትናንት ቡድናችንን ከአተላ ጋር አወዳድሬ ነበር። ማወዳደር አልነበረብኝም። አተላ ከብት ያደልባል። ለዚህ ስህተቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ከልብ» ስል ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። የአማርኛ መምህራችን ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ከኋላ፣ ከአሥራ ሁለተኛዎች ሰልፍ፣ አንድ ሳል ተነሣ፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ጉንፋን ያዘው።

«በይ፣ ወደ ክፍልሽ» አለኝ መርማሪው። ተጣራሁ ማለት ነው።

ፈተናውን ተፈተንኩ፤ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ቡድን ማለት ምን እንደሆነ ያልገባው፣ ይቅርታም ለማን እንደተጠየቀ ያልገባው ሰው ሰው ያጣራል። ይህ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

እሑድ እሑድ ለእማማ ምሳ አደርሳለሁ። በር ላይ ያለው ፖሊስ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ ሽሮውን በማንኪያ ያምሰዋል። ምን እንደሚፈልግ ጠይቄው አላውቅም። እማማ በአጥሩ በኩል ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቡድኑ ነው።

«ቡድንሽስ እንዴት ሆነ?»

«ማጣሪያ ላይ ነው እማማ።»

«እኔም» ይላሉ፤ የታመሰውን ሽሮ ይቀበሉኛል።