የአባባ መኪና የኋላ እግር

ባለፈው ቅዳሜ ትንሹ ልጄ ናትናኤል ምሳውን ሳይጨርስ ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጋልኝ። ሰው ስልክ ባስጠጋልኝ ቁጥር መርዶ ነው የሚመስለኝ። የመኪና ፎቶ ነበር፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ቀለሟ የተላላጠ አሮጌ የስፖርት መኪና። ከጓደኛው ጋር ሆነው ሊገዟት ተስማምተዋል።

«ሞተሯ ደህና ነው እማዬ» አለኝ። «የኋላ እግሯን ብቻ ነው የማሻሽለው። ዕቃው እዚህ ስለሌለ በቴሌግራም እያፈላለግን ነው።»

«ፍሬኗስ? በዝናብ ባትነዳት አይሻልም?»

«ኧረ ገና አልገዛናትም እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ያልተገዛ መኪና ሲገለበጥ የሚታየኝ ሴት ነኝ። እሱ ከወጣ በኋላ ሳህኖቹን አጠብኩ። ታጥበው እንደነበር ያስተዋልኩት ስጨርስ ነው። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩና እዚሁ ልደታ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቅ፣ ያሳለፍኩት አንድ ክረምት ትዝ አለኝ።

አባባ የአንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሾፌር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሰውዬው አገር ለቆ ሲሄድ ትንሿን የስፖርት መኪናውን ለአባባ ተወለት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጠባብ ግቢያችን ለማስገባት አጥሩን ማፍረስ ግድ ሆኖ ነበር። ጎረቤቱ «ለአራት ሰው ቤተሰብ ሁለት ወንበር!» እያለ ሳቀ። አባባ ግን አልተቸገረም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማዬን ይዟት ይወጣል፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ መስፍን በር ላይ ቆመን እንሸኛቸዋለን። ሲመለሱ ለእኛ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ ያመጣሉ። ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ እጃችን ላይ ይቀራል።

አባባ ኅዳር ላይ በድንገት ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም። አልቃሿ ስሙን እየጠራች ታስለቅሳለች፣ ሴቶቹ በጎን ያዩኛል፣ እኔ የአንዷን ሴትዮ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ እመለከታለሁ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ደንዝዛለች፤ ውኃ ስጧት» አለች። ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያም ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለብሼ ግቢ ጠረግኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ ቡና ቆላሁ። ጨው ይብዛ ይነስ አላውቀውም ነበር፤ መስፍን ፊቱን ሲያጨማድድ ነው የሚገባኝ።

መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች። ሐምሌ ላይ አጎቴ መጣና ዝገት ሳይጨርሳት ትሸጥ አለ። ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው መስፍን ከመቀመጫው ተነሳ።

«እማዬ፣ ላስተካክላት። የኋላ እግሯ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሸራ የለበሰችውን መኪና ተመለከተች። በመጨረሻ «የአባትህ ሙት ዓመት ዕለት እስከ መቃብሩ ትውሰደኝ» አለች። «ከወሰደችኝ አልሸጣትም። ካልሆነ ግን አጎትህ እንዳለው ይሆናል።»

ቃሉ ይኸው ነበር። መስፍን በማግስቱ ሸራውን ገፈፈና በዝናቡ ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ገባ። የኋላ እግሯን የሚሸከመው ባሌስትራ ነው፤ እርስ በርሱ የተደራረበ፣ እንደ ቀስት የጎበጠ የብረት ዝርግ። ፈቶ ሁለቱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የአንደኛው ጉብጠት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

«ይሄ በአባባ ወንበር በኩል ያለው ነው» አለና ሳቀ። «ሰውዬው ብረት አቃንቶ ሄደ!»

እኔም የምስቅ መስሎኝ ነበር፤ አፌ ግን አልተከፈተም።

መስፍን እንደነበረች ሊመልሳት አልፈለገም። «ስፖርት መኪና ስትታጠፍ ጅራቷ መወዛወዝ የለበትም። መንገዱ ላይ መጣበቅ አለባት። አባባ ሳያሻሽላት ነው የነዳት» ይል ነበር። የሚያስፈልገው ጠንካራ ባሌስትራ፣ ንዝረቱን የሚያበርዱ ሁለት ሾኮችና መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገቡ ጎሚኒዎች ነበሩ። እሱ ቀን ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ፈላጊዋ እኔ ሆንኩ።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ጥቁር ለብሰሽ ሲያዩሽ አያጉላሉሽም።»

እንዳለውም ሆነ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ላይ ባለው የመለዋወጫ ተራ ሌላውን ሰው የሚጎትቱት፣ የሚሳደቡት፣ የሚሳለቁት ነጋዴዎች እኔ ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ማን ሞቶብሽ ነው?» ይሉኛል። «አባቴ» እላለሁ። ቃሉን የሚለው ሰው እኔ ያልሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የቀዳዳው ስፋት የተቋጠረበትን ሲባጎ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ፤ የመለኪያውን ቁጥር ማንበብ ስለማልችል መስፍን እንደዚያ አድርጎ ነበር የሰጠኝ። ጎሚኒውን አንድ ሽማግሌ ከጭነት መኪና ጎማ በቢላ ጠርቦ ሠራልኝ። እስኪጨርስ እሸት በቆሎ ጠብሶ አበላኝ። የከሰሉ ሙቀት ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ትዝ ይለኛል፤ የበቆሎው ጣዕም ግን አይታወሰኝም።

ሾኩ የትም ጠፋ። በስንት ጥየቃ እንደኛዋ ያለች መኪና ሰንጋ ተራ አንዲት መበለት ግቢ ውስጥ ወድቃ እንደምትገኝ ሰማሁና ሄድኩ። ሴትዮዋ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ጥቁሬን አይተው አቅፈው ሳሙኝ። የእሳቸው ባል ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል፤ መኪናዋ ጎማ የላት፣ መስታወት የላት፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ተቀምጣበታለች።

«ሾኩን ውሰጂ፣ ምንም አልፈልግም» አሉኝ። «ዶሮዋን ግን አታስነሺብኝ። እንቁላል ታቅፋለች። ብረት ከተቀጠቀጠ ትታው ትሄዳለች።»

«መቼ ትፈለፍላለች እማማ?»

«ከታቀፈች ሳምንቷ ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቂ።»

ለመስፍን ስነግረው መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረው። «የአባቴን መኪና ዶሮ ልታሸጥብኝ ነው? እንቁላሉን ገዝተሽ ነይ!»

«አይሸጡትም።»

«እንግዲያው ሄደሽ አብረሽ ታቀፊላት!»

ጠበቅን። በየሦስት ቀኑ እየሄድኩ ዶሮዋን አያት ነበር። ወይዘሮ አስካለ በርጩማ ያወጡልኛል፣ ንፍሮ ያቀርቡልኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ዶሮዋ በተሰበረው መስኮት በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። በዚያ ዓመት እረፍት የሚመስል ነገር ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነበር። ለምን አላለቀስሽም ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ከመስቀል ጥቂት ቀን በኋላ ዘጠኝ ጫጩት ተፈለፈለ፤ መስፍን ክሪኩን ይዞ መጥቶ ሾኮቹን ፈታቸው።

ባሌስትራው ቀረ። እሱን ያገኘሁት በመለዋወጫው ተራ ከሁሉ ቀልደኛ የነበሩት ጋሽ በድሩ ዘንድ ነው። ሲባጎዬን ዘርግተው ለኩ፣ ዕቃቸውን አገላብጠው አንድ ጥንድ አወጡ።

«ይሄ የፒካፕ ነው፣ የእኔ ልጅ። ድንች ሲጭን የኖረ ነው። ያቺ ሚጢጢ መኪናችሁ ምን ልትጭንበት ነው?»

«ወንድሜ ጠንካራ ይሁን ብሏል።»

«ጠንካራ ከሆነማ ጠንካራ ነው። ደንጊያ ነው!» አሉና አሮጌውን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። የተራው ልማድ እንዲያ ነው፤ አዲሱን ስትወስድ አሮጌውን ትተዋለህ። አሮጌ ባሌስትራ ደህና ብረት ስለሆነ ቀጥቃጮች ቢላና መጥረቢያ ያወጡበታል። በማግስቱ በተሸካሚ አስመጣሁላቸው። ሁለቱን እግራቸው ሥር ሲያስቀምጥላቸው ጋሽ በድሩ ጉብጠት የጠፋውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«የአባትሽ መኪና አይደል? ላስቀምጥልሽ? ምናልባት መልሰሽ ትፈልጊው እንደሆነ።»

«አይ፣ አንፈልገውም» አልኩ።

እንዲሁ ነው ያልኩት። ማሰብ እንኳ አላሰብኩም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። የዝናቡ ጭቃ ደርቆ፣ ጠዋቱ ጥርት ያለና ብርዳም ነበር። መስፍን መኪናዋን አጥቧት፣ ጀርባዋ ከፍ ብሎ፣ ልትዘል እንደተዘጋጀች ድመት ቆማ ነበር። እማዬን ደግፎ አስገባት። እኔና ዘመዶቻችን ቀድመን በታክሲ ሄደን ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠበቅናቸው። ድምፅዋን ከሩቅ ሰማሁት። ድንጋዩ ላይ ስትመጣ ኋላዋ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ይነጥራል እንጂ። መስፍን ፊቱ በርቶ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አደረሰችሽ እማዬ! አየሽ ስትታጠፍ? ንቅንቅ አላለችም እኮ!»

እማዬ ወገቧን ይዛ ወረደች። በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ደህና ናት» አለች። «ሽጣት።»

«ምን? አደረሰችሽ እኮ! ቃልሽ ነበር!»

«አድርሳኛለች። ልጄ፣ አንተን ጥፋተኛ አላልኩም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አባትህ ሲነዳት ወደ እሱ በኩል ዘንበል ትል ነበር። ሳልፈልግ ትከሻዬ ትከሻው ላይ ያርፋል። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ድሮው፣ ለአንድ ቀን ብዬ ነበር። ቀጥ ብላ መጣች። የሰው መኪና ናት።»

 መስፍን ቁልፉን በእጁ እንደያዘ፣ እማዬ ወደ መቃብሩ ስትሄድ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አሮጌውን እመልሰዋለሁ» አለ። «ዛሬውኑ እገጥመዋለሁ። የት ነው ያስቀመጥሽው?»

ነገርኩት።

ሰኞ ማለዳ አብረን ጋሽ በድሩ ዘንድ ሄድን። እሳቸውም ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ቀጥቃጩ ድረስ ወሰዱን። ሰውዬው ከግድግዳው ላይ የተደረደሩ መጥረቢያዎች፣ ቢላዎችና መሮዎች አሳየን። «ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ምናልባትም ሦስቱ» አለ። መስፍን አንዱን መጥረቢያ አንሥቶ አገላበጠው፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ መልሶ ሰቀለው። እኔ የቆምኩት በሩ ላይ ነው። እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅኩ። የመጣው የከሰል ጢስ ነበር። ዓይኔን ጠረግኩ፤ መስፍን ያለቀስኩ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። አይደለም አላልኩትም።

መኪናዋ በዚያው ወር ተሸጠች። የገዛት ሰው «ጀርባዋ እንዴት ጠንክሯል!» ብሎ መስፍንን አመሰገነው። እማዬ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖረች፤ ስለ መኪናዋ በክፉም በደግም አንሥታ አታውቅም።

እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ሁሉን ነገር የምጠይቅ ሴት ሆንኩ። ልጆቼ ይታክታቸዋል። በልተሃል? ደርሰሻል? ያንን የጣልከውን ዕቃ በእርግጥ አትፈልገውም? ለምን እንደምጠይቅ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እነሱም ጠባይዋ ነው ብለው ተቀብለውታል።

መስፍን ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አሁንም ከከተማው ዳር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ምሳ ይዤለት ሄጄ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው፣ አንድ ወጣት መኪናውን ይዞ ገባና የኋላ እግሯ ይጠንክርልኝ አለው። መስፍን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መኪናዋን ዞራት። ስለ ሞተሯም፣ ስለ ፍጥነቷም አልጠየቀውም።

«አጠገብህ የሚቀመጠው ማን ነው?» አለው።

ልጁ ግራ ተጋባ። «እንዴት? ማንም ይቀመጣል።»

«ማንም አይባልም። ሄደህ ጠይቃትና ተመለስ።»

ወጣቱ እየሳቀ ወጣ። መስፍን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ የምሳ ዕቃውን ከፈተ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም። «ጨው አንሶታል» አለኝ። ቀመስኩት፤ እውነቱን ነበር።