ሱሪዬን ያሳጠሩልኝ የጫካ መሪ

ለማስተማር ሐረር ከተመደብኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ሱሪ ላሳጥር ፈላና በር አጠገብ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ቁመቱን እየለኩ፣ በወጣትነታቸው ማኦኢስት እንደነበሩና ጫካ ገብተው የሽምቅ ጦር እንደመሩ አጫወቱኝ።

«እንግዲያው ከአባቴ ጋር ሳትታኮሱ አልቀራችሁም» አልኩ እየሳቅኩ። «ወታደር ነበር። የጫካ ሰዎች ማርከውት ሊረሽኑት ሲሉ መሪያቸው ‹ልቀቁት› አለ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ሰው መርቆ አይጠግብም ነበር።»

አዛውንቱ ሜትሩን አስቀምጠው የአባቴን ስም ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊቴን ትኩር ብለው ያዩ ጀመር። ምን ክፉ ተናገርኩ ብዬ ጨነቀኝና ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

«‹ልጅ እንኳ አልወለድኩም› ብሎ ለምኖኝ ነበር» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ለካ ወልዷል!»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።