የፖሴ ዕድሜ

ያቦም ቱራይ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ቢሆናቸውም ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከማኬኒ ማዶ ባለችው ከተማቸው ሠላሳ ዓመት አዋልደዋል። አንድ ሰኞ ገበያ ወጥተው የካሳቫ ቅጠል ሲመርጡ ሻጯ፣ "እማማ፣ የያይኖ ልጅ ፖሴ ታስራለች። ስልክ ሰረቀች ብለው ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር አጎሯት" አለቻቸው።

"ፖሴ? እሷ ገና ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"ፖሊሱ ቁመቷን አይቶ አሥራ ዘጠኝ ብሎ ጻፈላታ።"

ቅጠሉን እዚያው ትተው ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው ፖሊስ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ወረቀት አለዎት?" አላቸው።

"ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ከጦርነቱ በኋላ በመጀመሪያው ምርጫ ሳምንት ነው የተወለደችው፤ እናቷን ምጥ የያዛት የምርጫ ሰልፍ ላይ ነው። አሥራ ስድስት አልሞላትም።"

"ትዝታዎን ዳኛው አይቀበሉትም፣ እማማ።"

የድሮውን የክሊኒክ መዝገብ ምስጥ በልቶታል። እናቷ ያይኖ ደግሞ ሉንሳር የምትባል ከተማ ሄዳ ዓሣ እየነገደች ነው። ያቦም በማግስቱ ሞተር ተሳፍረው፣ ወገባቸውን እየያዙ ሉንሳር ደረሱ። ያይኖ የልጇን መታሰር የሰማችው ያኔ ነው። እያለቀሰች የልብስ ሣጥኗን ገለበጠች፤ የፖሴ የልደት ቀን የተጻፈበት የክትባት ካርድ ከታች ተገኘ።

ሐሙስ ችሎት ላይ ዳኛው ካርዱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። "ይህን የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ። ያኔ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።"

ዳኛው ፖሴ ከእስር ወጥታ በእናቷ ኃላፊነት ጉዳይዋን እንድትከታተል አዘዙ። ፖሴ በእርግጥ ስልኩን አንስታ ነበር፤ መለሰች፣ ባለቤቱን ይቅርታ ጠየቀች፣ ክሱም ተዘጋ።

ያቦም ግን አላረፉም። ከችሎት ሲወጡ ከእስረኞች መኪና መስኮት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ "እማማ፣ እኔንስ ማን አዋለደኝ?" ብላ ጠርታቸው ነበር። አላወቋትም። መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጣቢያ ይሄዳሉ። የእያንዳንዱን የታሰረ ልጅ እናት ስም፣ የተወለደበትን መንደር ይጠይቃሉ፤ ከፖሊሶቹ ጋር ይጨቃጨቃሉ። አንዱ፣ "እማማ፣ እርስዎን እንቅጠርና ደመወዝ እንክፈልዎት እንዴ?" ብሎ ቀልዶባቸዋል። በሦስተኛው ወር ግን አዛዡ ራሱ፣ "ዕድሜ ከመጻፋችሁ በፊት እማማን ጥሩ" ብሎ አዘዘ።

ያቺን ቀጭን ልጅ ግን እስካሁን አላገኟትም። ስሟን ሳይጠይቁ መቅረታቸው ዛሬም ይቆጫቸዋል፤ የእስረኞች መኪና ባለፈ ቁጥር ቆም ብለው መስኮቱን ያያሉ።